እርስዎ እያዩ አጠፋዋለሁ

ሰኞ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት ሰላሁዲንን ነው። ሰላሁዲን ዱባይ ተራ ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል። ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ነቅቶ እንደማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከኋላው የእድራችን ሰብሳቢ ጋሼ ሀብተሚካኤል ቆመዋል። የነጠላቸው ጥለት ወደ ላይ ሆኗል። እኔ ሸማ ተራ የነጠላ ጫፍ በመቋጨት ነው የምተዳደረው፤ ጥለት መቼ ወደ ላይ እንደሚሆን አውቃለሁ። መርዶው ሳይነገር እንዲህ መልበስ አልነበረባቸውም። ቸኩለው ይሆናል።

«ማሚቱ፣ እስኪ ቁጭ በይ» አሉኝ።

«ማን ነው?»

«ቁጭ በይ እንጂ።»

ቁጭ አልኩ። ወንድሜ ዱባለ መሆኑን ነገሩኝ። እሑድ ማምሻውን ነው የሞተው። እነሱ ያኔውኑ አውቀዋል፤ መርዶ የሚነገረው ጠዋት ስለሆነ እስኪነጋ ጠበቁ። እኔ ራቱን ከድኜ ነበር የተኛሁት። ሰርግ ያለ ቀን ማምሸት ልማዱ ነው። ሽሮ ነበር። በኋላ ሳህኑን ታጥቦ አገኘሁት፤ ከለቀስተኛው ማን እንደበላው አላውቅም።

ዱባለ የሰርግ ካሜራማን ነበር። ሲኒማ ራስ አካባቢ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይሠራ ነበር። ሥራውን የጀመረው ለሌላ ካሜራማን መብራት በመያዝ ነው። በ1984 ዓ.ም. ካሜራው በእሱ ትከሻ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አልወረደም። እሱ ራሱ አላገባም። ለምን እንደማያገባ ሲጠይቁት «በየሳምንቱ አገባለሁ እኮ» ይል ነበር። ሰዎች ይስቃሉ። እኔ ብዙ ጊዜ ስለሰማሁት አልስቅም ነበር።

የሰርግ ካሜራማን የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። ሙሽሮቹ ወደ ፊት ሲመጡ እሱ ፊት ፊታቸውን እያየ ያፈገፍጋል። ዱባለ አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ሄዷል። ደረጃ፣ ቦይ፣ የድንኳን ገመድ፣ የተኛ ውሻ ሁሉ በእግሩ ተረከዝ ነበር የሚያውቀው። ሰፈር ውስጥ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ታዲያ ወደ ፊት ሲሄድ ብዙ ጊዜ ይደናቀፋል።

ሲቀርጽ ዝም አይልም። «ሚዜ፣ ወደ ግራ! ሙሽሪት፣ ቀና! አባት፣ ሰርግ ነው፣ ፈገግ ይበሉ እንጂ!» ይላል። ድምፁ ሻካራ ነው። ቀረጻው ስቱዲዮ ሲገባ መጀመሪያ ተቆርጦ የሚወጣው የእሱ ድምፅ ነው። በቦታው ዘፈን ይገባል። ስለዚህ ሰርጉ በቴሌቪዥን ሲታይ ዱባለ የለበትም። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች እንዲህ ነው መሆን ያለበት ይላሉ።

በካሴት ዘመን በእኛ ሰፈር አንድ ልማድ ነበር። የሙሽራዋ እናት የታሸጉ ካሴቶች ራሷ ገዝታ ለካሜራማኑ ትሰጣለች። ሰርጉ ሲያልቅ ቆጥራ ትቀበለዋለች። ስቱዲዮም የሚሄዱት በእሷ ቦርሳ ሆነው ነው። የልጅዋ ሰርግ በሰው እጅ አያድርም። ዱባለም ይህን ስለሚያውቅ የማንም ካሴት ቤቱ አስቀምጦ አያውቅም።

በ2000 ዓ.ም. መስከረም ሰላሁዲን ከዱባይ አንድ ዕቃ አመጣለት። የጸሎት መጽሐፍ የሚያክል ጥቁር ነገር ነው። ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል፤ በገመድ ከካሜራው ጋር ይያያዛል፤ ካሜራው ያየውን ሁሉ ይይዛል። ውስጡ ሃርድ ዲስክ ነው አሉ። እኛ ዲስኩ እንለዋለን። ካሴት በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ ዲስኩ ስድስት ሰዓት ይቀርጻል።

ሰላሁዲን ሲያስረክበው እኔም ነበርኩ።

«ከዚህ በኋላ ጋሼ ዱባለ፣ ካሴት ልቀይር ብለው ሙሽራ አያስቆሙም።»

«እኔ የምቀመጠው እኮ ያኔ ነበር» አለ ዱባለ።

«ታዲያ እየሠሩ ይቀመጣሉ!»

«ወደ ኋላ እየሄድኩ?»

ሳቁና ሻይ ጠጡ።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ ዕቃውን ይጠይቀው ነበር። የጫማ ቤቱ ባለቤት የስኳር በሽታ መለኪያ የታጠቀ ይመስል፣ በደረጃው በወጣና በወረደ ቁጥር «ዱባለ፣ ዛሬስ ስኳርህ ስንት ሆነ?» ይለዋል። እኔ ደግሞ ዕቃው እንዳይጫር ብዬ ከተረፈ ጋቢ ከረጢት ሰፋሁለት። ድርብ ነው፤ አፉ በክር ይሳባል። በሚቀጥለው እሑድ ኮልፌ ሰርግ ላይ ዲስኩ ጋለና ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ቆመ። ማታ ቤት መጥቶ ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«እቴቴ» አለኝ። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ይሄ ዕቃ ብርድ አይሰማውም።»

ጋቢውን ፈትቼ በስስ የነጠላ ጨርቅ ለወጥኩት፤ ከሥርም ቀዳዳ ተውኩለት። ከዚያ በኋላ አልጋለም።

የከበደው እናቶቹን ማሳመን ነበር። እትዬ ሐጀራ የልጃቸውን የካሚላን ሰርግ ሊያስቀርጹ የመጡት በ2001 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ነው። ሸማ ተራ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ጨርቅ ይሸጣሉ፤ የምንተዋወቀው ከድሮ ጀምሮ ነው። ስለዚህ እኔው ነኝ ወደ ዱባለ የወሰድኳቸው።

«ካሴት ስንት ልግዛ?» አሉት።

«ካሴት ቀረ፣ እትዬ ሐጀራ። እዚህ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ዲስኩን ከነከረጢቱ ተቀበሉትና በእጃቸው መዘኑት።

«አሁን ውስጡ ማን አለ?»

«ያለፈው እሑድ ሰርግ ነው። የአንድ የጎጃም በረንዳ ቤተሰብ።»

«ልጄን ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ልታስገባት ነው?»

ዱባለ ወደ እኔ አየ።

«እነሱ ይወጣሉ፣ እትዬ። እሷ ከመግባቷ በፊት።»

«መውጣታቸውን በምን አውቃለሁ?»

«እርስዎ እያዩ አጠፋዋለሁ።»

«ከሰርጉ በኋላስ? የእኔም ልጅ እዚህ ተቀምጣ ሌላ ሙሽራ ልትቀበል ነው?»

«ሲዲው ተሠርቶ እጅዎ ሲገባ የእሷንም እርስዎ እያዩ አጠፋዋለሁ።»

እንዲህ ተስማሙ። እትዬ ሐጀራ ይህን ለጎረቤት ሱቆች ነገሩ። በሳምንቱ የመጡት ሁለት እናቶችም ያንኑ ጠየቁ። በዚያ ሚያዝያ ዱባለ ሰርግ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ዲስኩን ከወገቡ ፈትቶ ከሙሽራዋ እናት ጋር ጥግ ላይ መቀመጥ ነበር። ሁለት ቁልፍ ይጫናል። ትንሿ መስኮት ባዶ መሆኑን ታሳያለች። እናትየዋ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ከዚያ ከበሮው ይጀመራል።

የካሚላ ሰርግ ግንቦት ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ሒና፣ እሑድ አዳራሽ። ሒናው የሴቶች ብቻ ስለሆነ ዱባለ ክፍሉ አይገባም። አስቀድሞ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆመ፤ ዲስኩን ሥሩ አስቀመጠ፤ ሴቶቹ ሲገቡ እሱ ወጥቶ በሩ ላይ በርጩማ ይዞ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት እዚያው ነበር።

እሑድ አዳራሹ ውስጥ ሙሽሮቹ ከመድረኩ ሲወርዱ ዱባለ ከፊታቸው ወደ ኋላ ይወርድ ነበር። ደረጃው ሦስት ነው። በኋላ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ። ሲወድቅ እንግዶቹ የተቀመጠ መስሏቸው ነበር። ጭንቅላቱን ነው የመታው። በመንገዱ ቀድማ የቆመችው የሙሽሮቹ መኪና ስለነበረች ከነአበባዋ ሆስፒታል አደረሰችው። ሰላሁዲን ካሜራውንና ዲስኩን ሰብስቦ በሠልስቱ አመጣልኝ።

ለለቅሶው ድንኳን ፎቶግራፍ ያስፈልግ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመት ስንት ሺህ ሰው እንደቀረጸ እግዜር ይወቅ፤ የእሱ ግን አንድም አልተገኘም። ስቱዲዮውንም፣ ሳጥኑንም ፈተሽን። በመጨረሻ የቀበሌ መታወቂያውን ፎቶ አስነሥተን አሳደግነው። ማኅተሙ ግማሽ አገጩን ሸፍኖታል። ለቀስተኛው በየተራ ማኅተሙን እያየ አለቀሰ።

እትዬ ሐጀራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ዘመዶቻቸው እጃቸው ገና በሒና እንደቀላ ንፍሮ ያዞሩ ነበር። ስለ ቀረጻው አንድም ቃል አልተናገሩም። ዲስኩ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእኔ ጀርባ ሳጥኑ ላይ ነው። እሳቸውም እያዩት ተቀመጡ፤ እያዩት ሄዱ። አርባው እስኪወጣ እንዲሁ ሆነ።

ከአርባው በኋላ አንድ ከሰዓት ሱቄ መጡ።

«ማሚቱ፣ ማንሳቱ አሳፍሮኝ ነው የቆየሁት።»

«የካሚላ ሰርግ ነው፣ እትዬ ሐጀራ። ይገባኛል።»

«እሱ አንድ ነው። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዱባለ ቃል ገብቶልኛል።»

«አጠፋዋለሁ ያለው ነው?»

«እሱ ነው። የቅዳሜውን በተለይ። ሒናውን።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አልኩ። «ቃሉ ቃል ነው።»

በማግሥቱ ሦስታችን ሰላሁዲን ሱቅ ጓዳ ውስጥ ተሰበሰብን። ሰላሁዲን የእሑዱን ወደ ኮምፒውተር ገለበጠው። መጨረሻ አካባቢ ያለውን ክፍል እሱ ብቻ ነው ያየው፤ እኛን ውጪ አስጠበቀን። የነገረኝ የለም፤ የጠየቅኩትም የለም። ያንን ቆርጦ ጣለው፤ ቀሪው ለሲዲ ተሰጠ። ከዲስኩም የእሑዱን አጠፋው። በእሑዱ ውስጥ ከባንዱ ጩኸት በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ሰላሁዲን «ካሴት ቢሆን ኖሮ እትዬ ማሚቱ፣ ጋሼ ዱባለ በዚያን ሰዓት ተቀምጠው ይቀይሩ ነበር» አለኝ። ሻይ ቀዳሁለት።

ዲስኩ ላይ የቀረው ሒናው ብቻ ነው። ሰላሁዲን ከካሜራው ጋር በገመድ አያያዘልንና፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚያሳይ፣ የትኞቹ ሁለቱ እንደሚያጠፉ አሳይቶኝ ወጣ። የሴቶች ስለሆነ በሩንም ዘጋው።

«ከመጥፋቱ በፊት የሒናው ይሁን አይሁን እንየው» አሉ እትዬ ሐጀራ። ትክክል ነው። ሳያዩ ማጥፋት አይገባም።

መጀመሪያ የታየው ባዶ ፍራሽ ነው። ከዚያ ከበሩ በስተጀርባ የዱባለ ድምፅ መጣ።

«እትዬ ሐጀራ፣ ቀዩ መብራት በርቷል?»

«በርቷል።»

«ብልጭ ድርግም ይላል ወይስ ቀጥ ብሏል?»

«ቀጥ ብሏል።»

«እንግዲያስ ይዟል። እኔ እዚህ ነኝ።»

እትዬ ሐጀራ እጄን ያዙኝ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ከዚያ ሴቶቹ ገቡ፤ ካሚላ ተቀመጠች፤ ሒናው ተጀመረ። ጨዋታው ወደ ሙሽራው እናት ዞረ። አንዷ በሌሉበት በጫማቸው ቀለደች፤ ሌላዋ በአረማመዳቸው። በመጨረሻ የራሳቸው የእትዬ ሐጀራ ድምፅ ከሁሉ በላይ ተሰማ።

«ለልጄ የላከችውን ቀሚስ አያችሁት? እኔ እኮ መስኮቷ የት ነው ብዬ ፈለግሁ! መጋረጃ ነው የላከችልን!»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ከበሩ በስተጀርባ ዱባለ ጮኸ።

«እትዬ ሐጀራ፣ ይሄም እየገባ ነው!»

«አንተ! ትሰማለህ እንዴ?»

«የሚሰማው ዲስኩ ነው። እኔ ጆሮዬን ይዣለሁ።»

«ኋላ ታጠፋዋለህ!»

«እርስዎ እያዩ አጠፋዋለሁ።»

«ሁሉንም! ወላሂ በል!»

«እትዬ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ።»

«እንግዲያው ማርያምን በል!»

«ማርያምን። ሁሉንም።»

ከዚያ ሳቀ። ዱባለ ሲስቅ መጨረሻው ሳል ነው። ሳሉም ገብቷል።

«አየሽ» አሉኝ እትዬ ሐጀራ። «በዚህ ዕድሜዬ ፀጉሬን ማን ያየዋል። ያስፈራኝ ምላሴ ነው።»

ነገሩ ቀላል አይደለም። ካሚላ የምትኖረው ከአማቷ ጋር አንድ ግቢ ነው። ቀሚሱን ለብሳዋለች። ይህ ቀረጻ ባጋጣሚ ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ ቢሄድ ለልጅቷ ትዳር ጥሩ አይሆንም። በየሳምንቱ ስልክ ትደውላለች። «እማዬ፣ ጠፋ?» ነው የምትለው።

ሰላሁዲን ነገሩን ሲሰማ መላ አመጣ።

«እትዬ ማሚቱ፣ የጋሼ ዱባለን ድምፅ ብቻ ቆርጬ ላስቀርልዎ። ‹እኔ እዚህ ነኝ› ያሉትን ብቻ። ማንን ይጎዳል?»

አስቤበታለሁ። አንድ ሌሊት ሳይሆን ብዙ ቀን፣ ነጠላ እየቋጨሁ አስቤበታለሁ። ዱባለ ሌላ ቦታ ድምፁ የለም። ካሴቶቹ ሁሉ ለባለቤቶቹ ተመልሰዋል፤ ከሲዲዎቹ ድምፁ ወጥቷል፤ ዲስኩን እናቶች እያዩ አጥፍቶታል። የቀረው ይህ ነው። ግን ሁሉንም ብሎ ነው የማለው። ማርያምን ብሎ ነው። ከመሐላው ላይ ቆርጦ ማስቀረት የሚችል ቢኖር እሱ ራሱ ነበር።

«አይሆንም» አልኩት።

ስለዚህ እናጠፋለን ብለን ከእትዬ ሐጀራ ጋር ቀን ቆረጥን። በመጀመሪያው ቀን ባትሪው አልቆ አገኘነው። አሥር ደቂቃ ቢሞላ ይበቃው ነበር፤ እሳቸው ግን «ለሌላ ጊዜ ይሁን» አሉ። በሁለተኛው ቀን ባትሪው ሙሉ ነበር። «ከመጥፋቱ በፊት አንዴ እንስማው» አሉ። ሰማነው። ስለ መጋረጃው ሲደርሱ እንደገና ሳቁ፤ ወዲያው አፋቸውን ያዙ። ዱባለ ሲስል «ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ?» አሉኝ። «አይ፣ ሳቁ ነው» አልኳቸው። ከዚያ የአሱር ሶላት ሰዓት ደረሰና ተነሡ።

ክረምቱ ገባ፤ ረመዳን ገባ። በረመዳን ይህን ማየት አይገባም አሉ። ኢድ አለፈ። ከአረፋም በኋላ መጡ። ሱቁን ገርበብ አድርጌ ዲስኩን ከከረጢቱ አወጣሁ። ገመዱን አያያዝኩ፤ አሁን ያለ ሰላሁዲን እችላለሁ። አንድ ጊዜ ሰማን። ሁለቱን ቁልፎች ያዝኩ።

«ማሚቱ፣ ቆይ እስኪ» አሉ። «ዛሬ ዓርብ ነው። ዓርብ ቀን እንዲህ ያለ ሥራ ደስ አይለኝም።»

ሐሙስ ነበር። አላረምኳቸውም። ዲስኩን ወደ ከረጢቱ መለስኩት።

ያን ጊዜ እዚያው ቁጭ እንዳሉ ካሚላ ደወለች።

«እማዬ፣ ጠፋ?»

«ማሚቱ ጋ ነው ልጄ። ማሚቱ ጋ ምን ይሆናል?»

«ጠፋ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ዛሬ ልናጠፋው ነበር። ቀኑ አልተመቸንም።»

አሁን ከዚያ ዓመት አልፏል። እትዬ ሐጀራ ሱቃቸውን ሲዘጉ አንዳንድ ጊዜ ብቅ ይላሉ። እኔ ባትሪውን በየሳምንቱ እሞላለሁ፤ ካልተሞላ ይበላሻል ብሎኛል ሰላሁዲን። ካሜራውን ሽጪልን ያሉ ሰዎች መጥተው ነበር፤ ያለ እሱ ዲስኩ ስለማያሳይ አልሸጥኩም። ዲስኩ ሱቄ ውስጥ ክር በማስቀምጥበት ሳጥን፣ ከነከረጢቱ አለ። ከእኔና ከእትዬ ሐጀራ ሌላ የከፈተው የለም።

ካሚላ በቅርቡ ሴት ልጅ ወልዳለች። አማቷ ለሕፃኗ ልብስ ሰፍተውላታል፤ ደግ ሴት ናቸው ይባላል።

ዱባለ ማርያምን ብሎ አጠፋዋለሁ ያለው ሒና እስከ ዛሬ አልጠፋም።